ልጅቷ ዳቦ ቤት አልከፈተችም

የምኖረው ስዊድን አገር፣ ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር፣ ባቡሩ መጨረሻ ከሚቆምበት ብዙም ሳይርቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቴሌቪዥን ያለ መቀበያ ሳጥን አይሠራም የተባለ ጊዜ ልጄ ሳጥኑን አምጥታ ገጠመችልኝ። ከማላውቃቸው ብዙ ጣቢያዎች መሀል የድሮ የእንግሊዝ ፊልምና ድራማ ብቻ እየደጋገመ የሚያሳይ አንድ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላውን አልነካሁም።

የልጅ ልጄ ትስቅብኛለች። እዚህ ፊልም ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሞተዋል እኮ ትለኛለች፣ በስዊድንኛ። ይሙቱ። ሲኖሩ ግን አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም ነበር። ሲወጡ በር ይዘጋሉ። ሰው ሲዋሽ ፊቱን በደንብ እስክናይ ድረስ ያሳዩናል እንጂ እንዳሁኑ ፊልም ወዲያ ወዲህ አይሮጡም። የሚያናድደኝም ሞልቷል። ሰው ሞተ ሲባሉ ሻይ ያፈላሉ። አባት ሲሞት ቤቱም መሬቱም ለበኩር ወንድ ልጅ ይሰጥና እህቶቹ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ፤ ለምን የሚል አንድ ሰው የለም። እኔ እላለሁ። ጎረቤቴ ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ እላለሁ።

ችግሬ ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛ አልችልም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስዊድንኛውን ደግሞ እዚህ መጥቼ በስተርጅና ነው የጀመርኩት፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ምስር እየለቀምኩ ነው የማነበው። ከፊልሙ ሥር በስዊድንኛ የሚጻፈው ግማሹን ሳልይዘው ይጠፋል። ስለዚህ አስተርጓሚ ያዝኩ።

አስተርጓሚዬ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ ዐሥር ዓመት ያህል የምታንሰኝ ሴት ናት። በተማሪነት መጥታ፣ ላቦራቶሪ ሠርታ ጡረታ የወጣች። ረቡዕ ረቡዕ ከሱንድቢበሪ ተነስታ መሀል ከተማ ባቡር ቀይራ ትመጣልኛለች። እኔ አንቺ እላታለሁ፣ እሷ እትዬ ትለኛለች። ከእሷ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሬያታለሁ፤ የሆነውን እንደሆነው እንድትነግረኝ። እንዳታሳጥርብኝ፣ እንዳታሳምርልኝም።

በአንዱ የብርድ ወራት ስለ አንዲት የወጥ ቤት ገረድ የሚተርክ ድራማ ያዝን። የጌትዮው የብር ሰዓት ይጠፋል። የወሰደው የገዛ ልጁ ነው፤ እኛ አይተነዋል። የተያዘችው ግን ገረዲቱ ናት። ፍርድ ቤት የቀረበች ቀን እኔም አብሬያት ቆምኩ። ዳኛው ተናገረ፣ አንድ ጋሪ በዝናብ ሄደ፣ ከዚያ የቤቱ ወጥ ሠሪ ደብዳቤ ይዛ ስታለቅስ ታየችና አለቀ።

«ነፃ ወጣች» አለችኝ አስተርጓሚዬ። አክስቷ አገር ሄዳ ዳቦ ቤት ከፍታለች። ወጥ ሠሪዋ የምታለቅሰው ናፍቃት ነው።

ለናፍቆት እንዲህ ይለቀሳል ወይ ብዬ ነበር። ግን እሷ የተማረች ናት፤ አመንኳት። አምኜም አልቀረሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ። እግዜር ፍርድ አያጓድልም፣ አንዲት ድሀ ልጅ እንዲህ ሆና ዳቦ ቤት ከፈተች እያልኩ። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል።

ጣቢያው የሚደጋግም መሆኑን ረሳችው። ድራማው እንደገና ሲጀምር እሷ ልጇን ልትጠይቅ ዮተቦሪ ከተማ ሄዳ ነበር። ብቻዬን ተቀመጥኩ፣ እርሳስና የፖስታ ጀርባ ይዤ። አንዱን ክፍል ጠዋትም ከሰዓትም ስለሚያሳዩት ጠዋት ያመለጠኝን ቃል ከሰዓት እይዘዋለሁ። የደብዳቤው ቦታ ሲደርስ ፖስታው ላይ አራት ቃል ጻፍኩ። ልጅቷ። እስር ቤት። ሳንባ። ሞተች። የመጨረሻውን ለማወቅ ማንም አላስፈለገኝም፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በየትኛውም አገር ቶሎ የሚማረው ቃል ነው።

ረቡዕ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ «ዳቦ ቤቱ እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«የቱ ዳቦ ቤት?»

«የልጅቷ።»

ቁጭ አለች። ፖስታውን ሰጠኋት። አነበበችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና አነበበችው።

«እትዬ፣ ያን ቀን እኮ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረዎትም» አለችኝ። «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ምሳ እንኳ ሳይበሉ፣ ዘመድ በሌለበት እንዴት አድርጌ ልንገርዎት?»

መርዶ ነው ያደረገችው። በእኛ ወግ ሞት ለሰው የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ። እዚህም የአገራችን ሰዎች እንዲሁ ናቸው፤ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በጨለማ መጥተው በር ያንኳኳሉ። ግን ለፊልም! ያን ሁሉ ዓመት ማይክሮስኮፕ ስታይ የኖረች ሴት፣ ለቴሌቪዥን ገረድ መርዶ ነጋሪ አጥታ ዳቦ ቤት ከፈተችላት። ፊልም መሆኑን አላወቅሽም ወይ አልኳት። «እኔስ አውቃለሁ፤ እርስዎ ግን እንደ ፊልም አያዩትም» አለችኝ። «ደግሞም ልጅዎ...» ብላ አቋረጠች።

«ልጄ ምን?»

ከባድ ነገር እንዳልሰማ አደራ ብላት ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ ብዬ ያዝኳት። ከመስከረም አለች፣ ምንጣፉን እያየች።

ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ደሴ ያለችው ታናሽ እህቴ ስልክ ላይ ቀርባ አታውቅም። በደወልኩ ቁጥር ጠበል ናት ይሉኛል። አምስት ወር ጠበል! እኔም ሞኟ፣ ጠበሉ ይርዳት እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ። ዳቦ ቤት ያመነ ሰው ምን አያምንም።

ልጄ ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነኝ እማዬ፣ ማታ መጥቼ እንነጋገራለን አለች። ማታ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገርኳት።

«እህቴ ሞታለች ወይ? አንድ ቃል ነው፣ መልሺ።»

«አልሞተችም። እግሯ ተቆርጧል፣ በስኳሩ። ከጉልበቷ በታች። አሁን ድናለች፣ ቤቷ ናት።»

ወንበሩን ያዝኩ። የተሰማኝ መጀመሪያ ደስታ ነው፤ እህቴ በሕይወት አለች። ንዴቱ የመጣው ከትንፋሽ በኋላ ነው። አስተርጓሚዬ ደሴ የሚያስደውል የስልክ ካርድ ልግዛልዎት ብላ ሳልመልስላት ወደ ኪዮስኩ ወረደች። ከእኔ ለመሸሽም ጭምር ነው። ስትመለስ ቁጥሩን መታችልኝና ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

እህቴ ራሷ አነሳችው። ስለ እግሯ ሳነሳ ማነው የነገረሽ ብላ ተቆጣች። ልጄን ደብቂ ብላ ያዘዘችው እሷ ናት ለካ፤ በባዕድ አገር እንዳታለቅሺ ብዬ ነው አለች። ያን ጊዜ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ያንቺ እግር ያንቺ ነው፣ ለቅሶው ግን የእኔ ድርሻ ነው አልኳት። ድርሻዬን ሳትጠይቂኝ ማን ውሰጂ አለሽ? እኔ ሕፃን ነኝ ወይ፣ ዕብድ ነኝ ወይ፣ እንግዳ ነኝ ወይ? ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ስጨርስ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንቺስ ደህና ነሽ?» አለች።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፣ ሳላስብ።

አስተርጓሚዬ ቀና ብላ አየችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ልቤ ደክሞ ደረቴ ውስጥ ባትሪ ሲያስገቡልኝ ሆስፒታል ያስተረጎመችልኝ እሷ ናት። ደሴ ላሉት የተነገረው ጉንፋን ይዟታል ተብሎ ነው። እንደዚያ በሉ ያልኩት እኔ ነኝ።

ስልኩን ዘግቼ መገላገል ይቻል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየትኛው አፌ ነው ፍርድ ጎደለ ብዬ የምጮኸው?

«ስሚኝ» አልኳት እህቴን፤ ስለ ባትሪው ከነጠባሳው ነገርኳት።

ከዚያ ጀመረች። ሕፃን ነኝ ወይ አለች። ዕብድ ነኝ ወይ። ድርሻዬን ማን ውሰጂ አለሽ። አንዲት ቃል ሳታስቀር፣ በራሴ አባባል፣ ከእኔም ድምፅ ከፍ አድርጋ። እኔም ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ሳላቋርጥ ቆሜ ሰማኋት።