በናታሊ ጥናት ውስጥ ስሙ የሌለው ሰው

ናታሊን በሕፃን ጋሪ ስትገፋ ጀምሮ አውቃታለሁ። ከእናቷ ከታንጉት ጋር ኦስሎ፣ ግሮሩድ በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ፣ እነሱ ሦስተኛ ፎቅ እኔ ሁለተኛ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረናል። እዚሁ ተወልዳ አማርኛን ከእናቷ ቁጣ የተማረች ልጅ ናት። ሲቆጧት ሁሉም ይገባታል፤ ስትመልስ ግን ግማሹ ኖርዌጂኛ ነው። «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም። «ጋሽ እንዳሻው፣ አንተ እኮ ታጋንናለህ» ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ስንቱን ችያለሁ፣ ይህንንም ቻልኩት።

ያለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። የቀሯት ሁለት ትምህርቶች አሉ፣ ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ በዚህ ላይ «ባችለሬ» የምትለው የመመረቂያ ጥናት አለ። ጥናቱ ቢየርቪካ የሚባለውን የመሀል ከተማ ሰፈር ቢሮዎች ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ስለወጡ ሴቶች ነው። ሠራተኛው ሳይገባ ጠርገው ይወጣሉ፣ ቢያገኛቸውም ሰላም ሳይላቸው ያልፋል፣ እንዲሁ እንደኖሩ ያረጃሉ። ርዕሱን ስትነግረኝ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሰው ፈልግልኝ ስትለኝም ከጡረተኞቹ አንዷ ወደሆነችው፣ ሆልምሊያ ሰፈር ወደምትኖረው ወደ ጽገረዳ የወሰድኳት እኔው ነኝ።

ጽገረዳ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ሴት ናት። ባሏ ወዳጄ ነበር፤ እኔ የምነዳውን አውቶቡስ ማታ ማታ የሚያጥበው እሱ ነበር። ናታሊ ለቃለ መጠይቁ ሃምሳ ደቂቃ መድባ መጣች። ሃምሳ ደቂቃ! እዚያ ቤት ጫማ አውልቆ ለመቀመጥ እንኳ አይበቃም። ገና መቅዳት ስትጀምር ባልየው በሩን ከፍቶ «ልጅቷ በልታለች?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ሻይ ይዞ መጣ። ደግሞ መስኮቱ ይዘጋ፣ ብርድ እንዳይመታት። ደግሞ ብርቱካን። አሥራ አንድ ጊዜ ገባ፤ የቆጠረችው ናታሊ ናት።

በባቡር ስንመለስ «ሰውየው ቅጂውን አበላሸብኝ» አለችኝ። የሚያስፈልጋት የጽገረዳ ቃል ብቻ ስለሆነ ስትጽፈው የእሱን ዘለለችው። ጽገረዳ ደግሞ ያን ቀን ሆዷን ከፍታ ተናግራ ነበር። አስተማሪዋም ረቂቁን አንብቦ፣ ጥናትሽ የቆመው በዚች ሴት ላይ ነው አላት።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ባልየው በድንገት ሞተ። ቀብሩ እዚህ አገር ወረፋ አለውና ዘጠኝ ቀን በለቅሶ ቤት ተቀመጥን። ታንጉት በየቀኑ ድስት ተሸክማ መጣች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኔ ናታሊን ይፈልግ ነበር። እሷ ግን በመጀመሪያው ቀን በስልክ አንድ መስመር የሐዘን መልእክት፣ ከሥሩ የልብ ምልክት ጨምራ ልካለች። ጽገረዳ አሳየችኝና ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። የቀብሩ ዕለት ናታሊ ፈተና ነበረባት፤ ፈተናውን አልነቅፍም። የቀሩት ስምንት ቀኖችስ?

ደሜ ፈልቶ ስለነበር ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሳገኛት አልራራሁላትም። ኮምፒውተሯን ማሽኑ ላይ አስቀምጣ ቆማ ትጽፋለች።

«ማንም አያያቸውም ብለሽ አርባ ገጽ ጻፍሽ» አልኳት። «አንቺስ አየሻት?»

«ጋሽ እንዳሻው፣ ላስረክብ አሥር ቀን ነው የቀረኝ! ሌላ ፈተናም አለብኝ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ሄጄስ ምን እላለሁ? አማርኛዬ ለለቅሶ አይበቃም። ሁሉም ሰው የሚለውን ነገር ያውቃል፣ እኔ አላውቅም።»

ይህን አልጠበቅሁም። አፈርኩ። ሃያ ዓመት በአማርኛዋ ስስቅ አንድ ቀን እንኳ አላስተማርኳትም።

«ለቅሶ ቤት ተናገሪ ያለሽ ማን ነው?» አልኳት። «መቀመጥ ነው።»

ቅዳሜ አብረን ሆልምሊያ ሄድን። ጽገረዳ ለቃለ መጠይቁ በፈረመችው የስምምነት ወረቀት ላይ፣ በፈለገች ጊዜ ምክንያት ሳትሰጥ ቃሏን ማውጣት ትችላለች ይላል። «ተናዳ አውጪልኝ ብትለኝ ባችለር የለኝም፣ አልመረቅም» አለችኝ ናታሊ በመንገድ ላይ። እውነቷን ነው።

ጽገረዳ ስማ አስገባቻት። ናታሊ ጥግ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ከዚያ ጽገረዳ ቀና ብላ፣

«ያን ቀን የቀዳሽው አሁንም አለ?» አለቻት።

የናታሊ ፊት ነጣ። በጥናት ሕግ ቃሉን ጽፋ እንደጨረሰች ቅጂውን ማጥፋት ነበረባት፤ ሥራ ተደራርቦባት ነው የዘገየችው። «አዎ... አለ። አንቺ ካልሽ ዛሬ አጠፋዋለሁ።»

«እንዳታጠፊው! የእሱ ድምፅ አለበት። መቀረጽ አይወድም ነበር፣ ድምፁ ሌላ ቦታ የለኝም።»

ናታሊ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። መጀመሪያ የጽገረዳ ድምፅ መጣ፣ የቢሮዎቹን ደረጃ ስለ መጥረግ ስታወራ። ከዚያ በሩ ሲከፈት ተሰማ። «ልጅቷ በልታለች?» ጽገረዳ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። አሥራ አንዱንም ሰማን፣ እስከ ብርቱካኑ።

«በጽሑፍሽ ውስጥ እሱ የት ላይ ነው?» ስትል ጽገረዳ ጠየቀቻት።

«የለም» አለች ናታሊ እያነባች። «የሚረብሽ መስሎኝ ዘለልኩት።»

«ቀን ሙሉ ሰው እንዳላየ ሲያልፈኝ ውዬ ቤት ስገባ በልተሻል ወይ የሚለኝ እሱ ነው። እሱን ካወጣሽው ግማሼን ነው የጻፍሽው። አስገቢው፤ ስሙንም ጻፊው።»

ናታሊ ቅጂውን ለጽገረዳ ሰጠቻት፣ ምዕራፉንም በቀሩት ቀናት እንደገና ጻፈችው። ለመጨረሻው ፈተና የሚሆን ጊዜ አልተረፋትም፤ ለጥቂት አለፈች። ከፍተኛ ትምህርት ለመቀጠል ያሰበችበት ቦታ በዚያ ውጤት አልተቀበላትም፣ እስካሁንም ያንገበግባታል።

ሰኔ ላይ ጥናቱን አሳትማ ለጽገረዳ ወሰደችላት። ጽገረዳ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ መስመር መስመሩን ፈለገች። «ባለቤቷ» የሚል በየገጹ አለ፣ ስሙ ግን የለም። የጥናት ሕግ የሰው ስም መጻፍ እንደማይፈቅድ ናታሊ አንገቷን ደፍታ አስረዳቻት። ጽገረዳ መጽሐፉን ቀስ ብላ ዘጋችና «ይሁን። አንቺስ በልተሻል?» አለቻት።

በባቡር ስንመለስ ናታሊ መስኮቱን እያየች፣ «አንተን የሚከለክልህ ሕግ የለም እኮ» አለችኝ።

ስለዚህ ጽገረዳን አስፈቅጄ ይህን ጻፍኩ። ስሙ ኪሮስ ነበር።