የባለ ነጭ ጊታሩን ድምፅ ፍለጋ

ሰፈሩ ሽቦ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ የጊታር ክር ሲፈታና ሲወጥር ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያገኝለታል? ሥራው ጸጉር ማስተካከል ነው። እጁ ቀና፣ ምላሱ ጣፋጭ፣ ደንበኛው ብዙ። አንዲት ዐመል ብቻ አለችበት። ጸጉር እየቆረጠ ሳለ ድንገት ዝም ይልና ዐይኑን ጣሪያው ላይ ይተክላል፤ ከዚያ «አንዴ ይቅርታ፣ የሆነች ነገር መጣችልኝ» ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጊታር ያወርዳል። ደንበኛው ግማሽ ራሱ ተከርክሞ፣ ግማሹ እንደጎፈረ፣ መስታወት ፊት ቁጭ ብሎ ኮንሰርት ይታደማል። የሚቆጣ አለ፣ የሚስቅ አለ። እንዲያውም አንድ የባንክ ሠራተኛ የምሳ ሰዓቱ አልቆበት በዚያው በግማሽ ራሱ ወደ መስኮቱ ተመልሷል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ሰፈሩ ግን ይምላል።

የሚፈልገው አንድ ድምፅ ነው። ባለ ነጭ ጊታሩ እያለ የሚጠራው፣ በየአገሩ ስታዲየም የሚያጨናንቅ የታወቀ የሮክ ጊታሪስት፣ ግጥም የሌለው አንድ ዘፈን አለው። መሐሉ ላይ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝም ይልና ጊታሩ ብቻውን ይቀራል። እዚያ ቦታ ላይ፣ እንደ ሽቦ አባባል፣ ድምፁ ሻከር ይልና ይንቀጠቀጣል፤ ሊያለቅስ የነበረ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ሲስቅ ዐይነት። ያችን መንቀጥቀጥ ለማግኘት ያልቆፈረው ጉድጓድ የለም። ጣቱ እስኪቆስል ክሩን አርገፍግፏል፣ ጊታር ለውጧል፣ ድምፅ ያሻክራሉ የተባሉ በእግር የሚረገጡ ትንንሽ ሳጥኖች አንድ መሳቢያ ሙሉ ሰብስቧል። የጸጉር መቁረጫው ማሽን ሲነሳ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር «እዝዝዝ» ያለበት እንደሆነ ደግሞ ደሙ ይፈላል። «ድምፄን አቆሸሸብኝ!» ይልና ማሽኑን ከሶኬቱ ይነቅለዋል፤ የደንበኛው ማጅራት ኋላ ይደርሳል። ጎረቤቱ «የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» እያለ ያማዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ አንዱንም አልሰማም።

ዘፈኑን ያስወደደችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ወጣት፣ እሱ ደግሞ አፍንጫውን በወጉ የማይጠርግ ልጅ ነበር። ልብስ ሰፊ ሆና አሳደገችው። የፊተኛዋ ክፍል ሱቅም፣ ሳሎንም፣ የእሱ መኝታም ነበረች። መስኮቱ ሥር የኤሌክትሪክ የስፌት መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ጎን አንድ ያረጀ ቴፕ፣ ቴፑ ውስጥ ያችው ካሴት። እሷ ትሰፋለች፤ እሱ ከጠረጴዛው ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተንጋሎ ያዳምጣል። አንድ ቀን ከዚያው ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብሎ «እታለም፣ አንቺ ስታገቢ ይኼን እኔ ነኝ የምጫወትልሽ» አላት።

ሳቀች። «እንግዲያው ለመለማመጃ ጊዜ አለህ» አለችው።

እውነትም ጊዜ ነበረው። እሱ አድጎ፣ ሙያ ይዞ፣ አግብቶ ወለደ። እሷ የሰፈሩን ሙሽሮች ሁሉ አልብሳ ስትሸኝ የራሷ ተራ ሳይደርስ ጸጉሯ ሸበተ። ሰውም «አግቢ እንጂ» ማለቱን ትቶት ነበር። እንዲህ ባለበት ነው እንግዲህ የጥጉ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ዝምተኛ ሰው፣ የነጭ ጋዋናቸውን ቁልፍ ሊያስተክሉ የመጡት። ተከለችላቸው። በሳምንቱ ሌላ ቁልፍ ተበጠሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ። የእሷ ስፌት እንዲህ የሚያሳፍር አልነበረምና ተናደደች፤ መነጽሯን አድርጋ ክሩን ብትመረምረው በመቀስ የተቆረጠ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼን ማን ቆረጠብዎት?»

ፋርማሲስቱ መግቢያ ቀዳዳ አጡ። «እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ ሰበብ አላገኘሁም።»

በዚህ ዐይነት ተጫጩ።

የሰርጉ ቀን እንደተቆረጠ ሽቦ እየሮጠ መጣ። «ምን ላድርግልሽ? አዳራሹን ላሳምር? መኪና ልፈልግ? ንገሪኝ!»

«ምንም አልፈልግም» አለችው መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች። ከዚያ ግን ቀና ሳትል፣ «ያኔ ልጅ ሆነህ ያልከኝን ካልረሳኸው፣ እሱን ብቻ። ደግሞ በራሱ ድምፅ።»

ይህች ሴት ስትሰጥ እንጂ ስትጠይቅ ታይታ አታውቅም። የትምህርት ቤት ሸሚዙን ከገዛ ቀሚሷ ቀድዳ የሰፋችለት እሷ፣ የመጀመሪያ ጊታሩን ሲሰብር ሳትቆጣ ቀዳዳውን በጨርቅ የለበጠችለት እሷ። ሽቦ ደስታና ፍርሃት ተደባልቆበት ወደ ጸጉር ቤቱ ተመለሰ። በዕድሜዋ አንድ ነገር ብትጠይቀው፣ የጠየቀችው እሱ በዕድሜው ያላገኘውን ነገር ሆነ! ይኼን አጉድሎባት በምን ዐይኑ ያያታል?

የሙዚቃ መሣሪያ የሚያከራይ ወዳጅ አለው፤ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ስለ ሮክ ሲያወራ ምሳው የሚቀዘቅዝበት ሰው። እሱ ዘንድ ሄዶ ተማጸነ። አከራዩም ከጓዳው ባለ ነጭ ጊታሩ የሚጫወትበትን ዐይነት ጊታር አወጣ፤ ውስጡ የሚግሉ የመስታወት አምፖሎች ያሉበትን የድሮ አምፕሊፋየርም ጨመረበት። ሁለቱ ከዘፈኑ ጥርት ያለ ቅጂ ጋር እያስተያዩ ቁልፍ ሲያዞሩ ዋሉ። ወደ ማታ ላይ የአከራዩ ዐይን እንባ አቀረረ።

«ሽቦዬ፣ በቃ! ራሱ ነው! እንዴ፣ ሰውየው ራሱ እዚህ የተቀመጠ ነው የሚመስለው!»

ሽቦ ራሱን ነቀነቀ። «የሆነች ነገር ትጎድለዋለች።»

«ምን ትጎድለዋለች? ቅጂውን ስማ፣ አንተን ስማ። አንድ ናችሁ!»

«ቅጂውም ላይ ትጎድላለች።»

አከራዩ ላብ የጠረገበትን መሐረብ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «እንግዲህ» አለ፣ «ባለ ነጭ ጊታሩ ራሱ በዚህ በር ቢገባ፣ ይኼ ያንተ ድምፅ አይደለም ብለህ ልትመልሰው ነው!»

ያም ሆኖ ሽቦ ዕቃውን ተሸክሞ እህቱ ዘንድ ሄደ። እሷ ለወንድሟ ክብር ስትል የስፌት መኪናዋን አቆመች፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣመረች፣ እንደ እንግዳ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አዳመጠችው። «ጥሩ ነው» አለች ሲጨርስ። ይህችን «ጥሩ ነው» የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ያውቋታል፤ ምክር አልሰማ ብላ የማይሆናትን ቀለም ለመረጠች ደንበኛ የምትወረወር ናት። በማግስቱ የአምፕሊፋየሩን ቁልፎች ሌላ አድርጎ መጣ። መኪናዋን አቆመች፣ እጇን አጣመረች፣ «ጥሩ ነው»። በሌላው ቀን ትዕግሥቱ አልቆ «በሞቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት።

«ጥሩ ነው የኔ ጌታ። እሱ ግን አይደለም።» ፊቱን አየችና ደነገጠች። «እንዳይከፋህ፤ ጆሮዬ አርጅቶ ይሆናል።»

ከፋው። በጣም ከፋው። ያን ሰሞን ጊታሩን ከግድግዳው አላወረደም። ደንበኞቹ ራሳቸው በአንዴ ተስተካክሎ ሲነሱ ግራ ተጋቡ፤ አንዳንዱም «ምነው፣ ደኅና አይደለህም እንዴ?» እያለ ከልቡ ጠየቀው።

ሰርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እህቱ ቤት ትቷቸው የነበሩትን ጊታርና አምፕሊፋየር ወስዶ ለአከራዩ ሊመልስ ሄደ። እሷ የራሷን ቀሚስ እየሰፋች ነበር። የሌላውን ስታስቀድም የራሷን ወደ መጨረሻ ገፍታው እንደ እሳት ተጣድፋለች። ነጩ ጨርቅ ከጭኗ እስከ በሩ ፈሷል።

«ከመውሰድህ በፊት አንዴ ተጫወትልኝ» አለችው። «ግን ይቅር በለኝ፣ ዛሬ መኪናዬን አላቆምም። ይኼ እጅጌ ካላለቀ ራቁቴን ነው የማገባው።»

ክፍሏ ውስጥ ያለችው ሶኬት አንዲት ናት። ከመኪናዋ ገመድ ጎን አምፕሊፋየሩን ሰካና ጀመረ። ጊታሩ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ሲደርስ እሷ የእጅጌውን ጫፍ አስተካክላ መርገጫውን ጫን አደረገችው። የጣሪያው መብራት ደብዘዝ አለ። አምፕሊፋየሩ አቅም እንዳነሰው ሁሉ ዝቅ አለ፣ ሻከረ፣ ተንቀጠቀጠ።

«እሱ ነው!» ብላ ጮኸች። ከድንጋጤዋ የተነሳ እግሯን አነሳች።

ጊታሩ ጠራ። ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን አልነበረም።

«እታለም፣ እግርሽን መልሺ! በእናትሽ፣ መልሺ!»

መለሰች። ተንቀጠቀጠ። «እሱ ነው! እሱ ነው!»

ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። የድሮው ቴፕና የስፌት መኪናው ከዚህችው ሶኬት ነበር የሚጠጡት። እሷ በረገጠች ቁጥር መኪናው ኃይሉን ይሻማል፣ ቴፑ ያቃስታል፣ የዓለም ዝነኛው ጊታር ይንቀጠቀጣል። ወንድምና እህት ያደጉት በዚያ ድምፅ ነውና፣ በኋላ የጠራውን ቅጂ ሲሰሙ የተበላሸ መስሏቸው ናቁት። ሽቦ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረው ድምፅ ግማሹ የባለ ነጭ ጊታሩ፣ ግማሹ ግን የእህቱ የቀኝ እግር ነበር! በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው። እሱማ «እዝዝ አለብኝ» እያለ ማሽን ሲነቅል፣ የሚፈልገውን በገዛ እጁ ሲነቅል ኖሯል። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ሳቅ አፈነው። እህቱም ነጩ ጨርቅ ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየጀመረው ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ። የዚያን ቀን የተሰፋው እጅጌ ጠማማ ሆኖ ቀረ፤ በሰርጉ ዕለት ሰው ሁሉ ፋሽን መሰለው።

አከራዩ ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም፤ ሲያምን ደግሞ ተያያዘው። «የአዳራሹ መብራት እንደ እናንተ ቤት አይንገዳገድም» አለ። «ረዥምና ቀጭን፣ እርጅና የተጫወተበት፣ ኃይሉ መንገድ ላይ የሚደክምበት ገመድ እፈልግልሃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ሳጠራ ኖሬ ዛሬ ለማበላሸት ልድከም!» የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የስፌት መኪናውን ማን ይረግጣል? ሙሽራዋን በሰርጓ ቀን ሥራ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም። ሽቦ ይኼን ለፋርማሲስቱ በምስጢር አማከራቸው።

«እሱን ለእኔ ተወው» አሉ ሳያቅማሙ። «ጭፈራ አልችልም፤ ወገቤም አይታዘዘኝም። መርገጥ ግን ማንም አያቅተውም።»

አቃታቸው። እሷ ለመጨረሻ ልክ ደንበኞቿ ቤት በሄደች ቁጥር ሹልክ ብለው እየገቡ ተለማመዱ፤ ሲረግጡ እንደ አውቶቡስ ሹፌር ነበርና ሽቦ «ጋሼ፣ ቀስ! ቀስ!» ሲል ድምፁ ተዘጋ። በመጨረሻ ግን እግራቸው ለሰለሰ።

በሰርጉ ቀን፣ አዳራሹ ሞልቶ ሙሽራዋ ዞር ብትል ባሏ የሉም። «ገና ሳንጀምረው ጠፉ?» ብላ አጠገቧ ያሉትን አሳቀች። ያን ጊዜ መድረኩ ላይ የወንድሟ ጊታር ጀመረ። አንገቷን ሰበር አድርጋ አዳመጠች። የባንዱ ልጆች ዝም አሉ፣ ጊታሩ ብቻውን ቀረ፤ ሻከረ፣ ተንቀጠቀጠ። ሙሽራዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ቀሚሷን ሰብስባ መድረኩ ላይ ወጣችና ትልቁን ድምፅ ማጉያ ዞራ ብታይ፣ ባሏ በሙሉ ልብሳቸው፣ ደረታቸው ላይ አበባ እንደተሰካ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተጎንብሰው ላብ በላብ ሆነዋል። ጣታቸውን እንዳይወጋቸው መርፌውን አስቀድመው አውልቀውታል።

አፏን በእጇ ያዘች። ሽቦ ልታለቅስ ነው ብሎ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች፤ ባዶ እግሯን ወደ ወንድሟ መጣችና ጆሮው ሥር ጮክ ብላ ተናገረች።

«ያኔ አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ብቻዬን ስሆን፣ ልጨፍርበት እነሳ ነበር። ገና ስነሳ ዘፈኑ ቅዝቅዝ ይልብኛል። ጭፈራዬ አስቀያሚ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ተመልሼ እቀመጣለሁ።»

ሽቦ ገባው፤ እግሯ ከመርገጫው ሲነሳ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጠፋ ነበር። እሱ ከጠረጴዛው ሥር ተንጋሎ የሰማትን ያችን ጣፋጭ ድምፅ፣ ለካ እሷ አንድም ቀን ተነስታ አልሰማቻትም። በአገጩ ወደ መድረኩ መሐል አመለከታት።

«አሁን አይቀዘቅዝብሽም፣ እታለም። ሂጂ!»

ሄደች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ዘፈኑ እንዳይከዳት የምትጠብቅ ይመስል፣ አንድ ትከሻዋን ብቻ አንቀሳቀሰች። አልከዳትም። ሌላውን ጨመረች፤ ዞረች፤ ጸጉሯ ከማበጠሪያው አመለጠ፣ ጠማማው እጅጌ እስከ ክርኗ ተሰበሰበ። ጭፈራዋ አስቀያሚ አልነበረም። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ፤ አከራዩ አንድ ጥግ ቆሞ በመሐረቡ ዐይኑን ይጠርጋል። ዘፈኑ የሚያልቅበት ቦታ ሲደርስ የባንዱ ልጆች ሽቦን አዩት። እሱ ደግሞ ወደ ማጉያው ኋላ አንገቱን አሰገገ።

«ጋሼ፣ ደከመዎት?»

«ምን ቆርጦኝ!» አሉ ፋርማሲስቱ ቀና ሳይሉ። «እሷ እስክትቀመጥ እረግጣለሁ።»

ሽቦም ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረው።