አባቴና «ጽ»

ልጅ እያለሁ፣ በከተማችን በቦኖሻ ውስጥ ስሜን አጥርቶ የሚጠራ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ጽዮን ነኝ፤ ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ራሱ ግን «ጥዮን» ነበር የሚለኝ። በሀዲይኛ አፉን ለፈታ ሰው «ጽ» አስቸጋሪ ናት።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ ጋሽ ማቴዎስ የሚባል መምህር ከሆሳዕና መጥቶ ሰንበት ትምህርት ያስተምረን ጀመር። የዕብራይስጥ ስሞችን በትክክል ካልጠራን አይለቀንም። «ጽ»ን ለማውጣት ምላሴን ጥርሴ ሥር ማስጠጋት ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ እሑድ አጠራር ለምን እንደሚጠቅም ሲያስረዳን ከመጽሐፈ መሳፍንት የዮርዳኖስን መሻገሪያ ታሪክ ነገረን። የመሻገሪያው ጠባቂዎች ከጦርነት የሸሸውን ጠላት ለመለየት የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት በል» ይሉታል፤ ምላሱ እምቢ ብሎት «ሲቦሌት» ያለውን እዚያው ያርዱታል። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ያሰብኩት አባቴን ነው። በማግስቱ በርበሬ ጭኖ አዲሎ ገበያ ሊሄድ ነው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ኬላ አለ።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ሄድኩ። በርበሬውን ጆንያ ውስጥ እየጠቀጠቀ ነበር፤ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል።

«አባ፣ ጽዮን በል።»

«ጥዮን» አለ ፈገግ ብሎ።

«ጽ! ጽ በል!»

ደጋግሞ ሞከረ። ሁሌም «ጥ» ነው የሚወጣው። እንባዬ መጣ። በርበሬው ነው ብሎ በኮቱ እጅጌ ዓይኔን ጠረገልኝ። ምክንያቱን ከነገርኩት የሚሞት መሰለኝና «አዎ፣ በርበሬው ነው» አልኩት።

ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ስጠብቅ ዋልኩ። ልጸልይ ስል ምላሴ ተሳስሮ «ጸሎት» የሚለው የእኔም ቃል «ጠሎት» ሆነ። እግዚአብሔርም የማይሰማኝ መሰለኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በርበሬውን የጫነው አይሱዙ ደረሰ፤ አባቴ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። እግሩ ላይ ተጠምጥሜ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ፣ «ኬላ ላይ የሚፈተሸው ጆንያ ነው እንጂ ምላስ አይደለም፣ ልጄ» አለኝ። ያን ቀን ጀርባው ላይ ተኝቼ ቤት ገባሁ።

ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ሰው በአነጋገሩ እየተለየ ከመኪና ወረደ የሚል ወሬ በየጊዜው እሰማለሁ። ባለፈው ወር ልጄ ሩቅ ክልል ያለ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ሻንጣዋን መኪና ላይ ካስጫነች በኋላ፣ «እማ፣ መንገዱ ግን ሰላም ነው አይደል?» አለችኝ። እንደ አባቴ እርግጠኛ ሆኜ ልመልስላት ፈለግሁ።

«ስትደርሺ ደውዪልኝ» ብቻ አልኳት።