ውሃ የተጣደበት ድስት

በጃንሆይ ዘመን ነው። ይታይሽ ደብረ ታቦር ተምራ፣ አርብ ገበያ የሕዝብ ኑሮ እድገት ሠራተኛ ሆና ከተመደበች ሁለት ዓመቷ። ያን ዓመት ዝናቡ ከዳ፤ ገብሱ እሸት ሳይሆን ማሳው ላይ ደረቀ። ሰው እየተራበ ሳለ ከበላይ ቢሮ አንድ ጥናት መጣ። ስድስት መቶ ሰው ተጠይቆ፣ ከመቶው ሰማንያው «አልተቸገርንም» ብሏል። ስለዚህ የእርዳታው እህል ወደ ሌላ ወረዳ ይሂድ ይላል።

ይታይሽ ደጋግማ አነበበችው። ሰዉ የተጠየቀው የት ነው? አርብ ቀን፣ ገበያ ላይ። ወረቀቱን ይዛ አለቃዋ አቶ ሞላ ዘንድ ገባች።

«ጋሼ፣ ገበያ የሚወጣው እኮ የሚሸጠው ያለው ነው። የተራበው በምን ጉልበቱ፣ ምን ተሸክሞ ይወጣል? ያልተጠየቀው እሱ ነው።»

«ከምሁራኑ ልትበልጪ ነዋ!» ሳቀ አቶ ሞላ። «በይ ማስረጃሽን አምጪ። አምስት ቀን እጠብቅሻለሁ።»

ሠላሳ አራት ቤት ያላት አንዲት የደጋ መንደር ሄዳ፣ ማልዳ ጉብታ ላይ ወጥታ ጭስ ቆጠረች። ካልጨሰ፣ የሚበላ የለም ማለት ነው ብላ። ሠላሳ አንዱ ጨሰ። የጠበቀችው ይህን አልነበረም። ቢሆንም ጻፈችው፤ ያየችውን መደበቅ አልሆነላትም።

ስትወርድ፣ ባሏ የሞተባት ባንቺአየሁ ቤት ጎራ አለች። ድስቱ ይንተከተካል፤ ሦስቱ ልጆች ግን ደጅ ተጋድመዋል፣ ወደ ምድጃው ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

«ምን ጥደሽ ነው፣ እትዬ?»

«ውሃ ነዋ!» አለች ባንቺአየሁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጭስ ካላየ ጎረቤት ምን ይላል? ስሜን እንዳታነሺ፣ በማርያም!»

አቶ ሞላ ደብተሩን አየና፣ «ሠላሳ አንድ ጭስ! ጥናቱን ደገፍሽው እኮ!» አላት።

«ውሃ ነው የሚጥዱት፣ ጋሼ። ለይሉኝታ።»

«ስንት ድስት አየሽ?»

«አንድ።»

«የማን?»

«አልናገርም፤ በማርያም ተለምኛለሁ።»

«ታዲያ አንድ ድስት ለሠላሳ አንድ ጭስ ይመሰክራል?»

እውነቱን ነው፤ ገበያተኛው ለመንደሩ ካልመሰከረ፣ የአንዷ ድስትም ለጎረቤቷ አይመሰክርም። አንድ ቀን እንዲጨምርላት ለመነችው፤ ሰጣት።

ወደ ደጋዋ መንደር ተመልሳ ከቤት ቤት ዞረች። «ተመስገን» የማይል የለም። አንዷማ «የመንግሥት ልጅ፣ ምሳ ካልበላሽ ቁጭ በያ!» ብላ ቀለደችባት፤ ምሳው ግን አልቀረበም። አሮጊቷ እማማ አስካለ ቤት ስትደርስ አላስችል አላትና እጇን ወደ ክዳኑ ዘረጋች። እማማ አስካለ እጇን ያዝ አደረጓት።

«ምነው ልጄ! እናትሽ የሰው ድስት መክፈት ነው ያስተማረችሽ?»

«እማማ፣ ካላየሁ እህሉ አይመጣም።»

«እኛ ጠግበን ነው ያለን። ሂጂ ልጄ፣ ወጤ እንዳያርርብኝ።»

የወጥ ሽታ የሚባል አልነበረም። የያዛት እጅ አጥንቱ ይቆጠራል። ይታይሽ ግን ያንን የምትጽፍበት ረድፍ ደብተሯ ላይ የላትም።

«ምንም ድስት አልተከፈተልኝም» ብላ ጽፋ ለአቶ ሞላ ሰጠችው። አሁን አልሳቀባትም። ጥናቱን ተቀብለናል የሚለውን ደብዳቤ ፈረመና፣ ማህተም እንድታሳርፍበት ወደ እሷ ገፋው።