ዝናብ የገባበት ዘፈን

ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ቀኝ እጄ ዛሬም ሳላዝዘው ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ቀረጻ ሊያቆም ነው። የሚቀረጽ ነገር ከቀረ ቆይቷል፤ ይህን ግን ለእጄ የነገረው የለም።

ያኔ ሦስት ነበርን። የዘፈኑን ምት የሚያቀናብረው ቢት ሠሪያችን ቦንጋ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው፤ ከኋላው ባለችው ጠባብ ክፍል የራፕ አልበም እንሠራ ነበር። ታሪኩን የምጽፈውም ቀረጻውን የምቆጣጠረውም እኔ ነበርኩ። በታሪኩ ከመቶ ዓመታት በኋላ ዝናብ ከምድር ጠፍቶ፣ ጫካው ደርቆ፣ አንድ ካፒቴን የመጨረሻዋን የቡና ዘር ይዞ በጠፈር ይንከራተታል። በመጨረሻው ዘፈን ዝናብ ይመጣል፤ ካፒቴኑም ወደ አገሩ ይመለሳል።

ካፒቴኑን የሚጫወተው የማንኪራ መንደር ንብ አርቢ ልጅ ነበር። ግማሹን እኔ በጻፍኩት አማርኛ፣ ግማሹን ከራሱ አፍልቆ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ራፕ ያደርግ ነበር። የእኔ ካፊኖኖ ከሰላምታ አያልፍም። ድምፅ እንዳይበተን ብሎ ከአባቱ ያረጀ ቀፎ አምጥቶ ማይኩን ውስጡ ከተትነው፤ አፉን ቀፎው ላይ ደግኖ ሲጀምር ክፍሉ ሰም ሰምና ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ቢት ሠሪው፣ "ንቦቹ ቤታችንን ማን ያዘብን ብለው እንዳይመጡ" እያለ ያስቀን ነበር።

የመጨረሻውን ዘፈን ስንቴ ጀመርነው። ግማሽ ሳይደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ አቆማለሁ። አንድ ከሰዓት ግን ልጁ እጄን ይዞ እስከ መጨረሻው ከዝናቡ ጋር ዘለቀው። ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ይቺን እንዳለች ተዋት። ታሪኩ ራሱ ዝናብ መጣ አይደል የሚለው?"

"ሲያባራ ንጹሑን እንቀዳለን" አልኩት።

"አንተ ሰው፣ ካፋ ተቀምጠህ ሲያባራ ትላለህ?"

ሳቀብኝ። እኔ ግን ቀረጻውን አጠፋሁት፤ አዋቂ ነኛ።

በዚያው ሳምንት ልጁ ማንኪራ ሄዶ ለአባቱ ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ላይ ወጣ። ግንዱ ረጥቦ ነበር። አዳለጠውና ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ያንን የማጥፊያ ቁልፍ የተጫነች ጣቴን እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

ከለቅሶው በኋላ አባቱ በእግራቸው ቦንጋ መጡ። ዘፈናችንን ወደውት አያውቁም ነበር። "የልጄን ድምፅ አሰሙኝ" አሉ። ከመጀመሪያው ጀምረን አሰማናቸው። ቀፎውን እየደባበሱ አዳመጡ፤ ካፊኖኖው ላይ ሲደርስ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

"አለቀ?" አሉ ድምፁ ሲቋረጥ።

"አለቀ፣ አባባ።"

"ልጁ እዚያው ላይ ቀረ? አልተመለሰም?"

ቢት ሠሪው አንገቱን ደፋ።

"ተመልሷል፣ አባባ" አልኩ። ወረቀቱን አውጥቼ የመመለሻውን አማርኛ አነበብኩላቸው። ዝናቡ መጣ፣ መንኮራኩሩ ወረደ፣ በሩ ተከፈተ። ካፒቴኑ ከበሩ ወጥቶ ለአባቱ የሚናገረው በካፊኖኖ ነበር፤ እሱ ደግሞ የትም አልተጻፈም፤ የነበረው ባጠፋሁት ቀረጻ ላይ ብቻ ነው።

ወረቀቱ እዚያው ላይ አለቀ። አባቱ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው የቀረውን ይጠብቁ ነበር።