የሰገነት ፍሬን

ሰገነት ድሮ ከቤተ ክርስቲያኖቹ በር ወረድ ብላ ነጠላና የእንጨት መስቀል ትሸጥ ነበር። እንግዳው ሲጠፋ ብዙዎቻችን ላሊበላ ውስጥ እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን፤ እሷ ግን አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ መንገደኛ ለሽያጭ ያወጣውን የተራራ ብስክሌት ገዛች። እኔ ደሳለ አነስተኛ ማረፊያ ቤት አለኝ። ያን ቀን «ነጠላ ሻጭ ለብስክሌት ምኗ ነው?» ብዬ ስቄባታለሁ። ዛሬ እኔም ብስክሌት አለኝ፤ የጎማዬ ከመነዳሪ በተነፈሰብኝ ቁጥር የምሮጠው ወደ እሷ ነው።

ጥገናውን ከስልኳ ቪዲዮ እያየች ነው የተማረችው። ብስክሌቱን ጓሮዋ ካለው ወይራ ላይ በገመድ ሰቅላ የማርሹን ጥርስ በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍጋለች። ካቴናውን ሳይጠርግ ዘይት የሚያንቆረቁር ሰው ስታይ ፊቷ ይለዋወጣል። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ።

አብረዋት የሚኖሩት እናቷ እማሆይ አመተ ማርያም ቆብ ከደፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ቁልቁለት ስትወርድ በሐሳብ አብረው ይወድቃሉ። አንድ ቀን ልታረጋጋቸው ብላ ብስክሌቱን ገልብጣ፣ ጎማው መሐል ያለውን የሚያብለጨልጭ የፍሬን ዲስክ አሳየቻቸው።

«እማሆይ፣ ሕይወቴን የሚይዛት ይች ክብ ብረት ናት። እሷ ደኅና ከሆነች እኔም ደኅና ነኝ» አለቻቸው። እማሆይ ብረቱን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

በጥቅምት ከአዲስ አበባና ከደሴ የብስክሌት አፍቃሪዎች ሊመጡ ሆነ። መንገዱ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ደርሶ መልስ ነው። መሪ ፈልግልን ቢሉኝ ሰገነትን ጠቆምሁላቸው። ጉዞው ካማረ በየወቅቱ ሌሎችን እናመጣለን፣ መሪያችንም ያው ሰው ይሆናል ብለው ነበር። ሰገነት ይህን ሥራ እንዴት እንደተመኘችው የማውቀው እኔ ነኝ። «ነጠላ ታቅፌ እንግዳ ማሳደድ ሰልችቶኛል፤ ፊት ፊት እየሄድሁ መንገድ ማሳየት ነው እምፈልገው» ብላኛለች። አንዳንድ አስጎብኚዎች «ሴት ናት፣ ቁልቁለቱ ይጥላታል» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ እነሱ ራሳቸው ባጃጅ ላይ ሲወጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ናቸው።

የጉዞው ቀን ጧት እንግዶቹ ግቢዬ ተሰበሰቡ። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ካሜራ፣ ምን ያልያዙት አለ! የቡድናቸው አለቃ ዓለምእሸት ጉልበቱ ላይ ያሰረው መከላከያ የማረፊያ ቤቴን በር ለመጠገን ይበቃ ነበር። ሰገነት ከቤቷ ቁልቁል መጣች። የግቢዬ በር ላይ ስትደርስ ፍሬን ያዘች፤ ፍሬኑ ጮኸ እንጂ አልያዘም። «እንደምን አደ…» እያለች አልፋን ሄዳ ጎረቤቴ ወንዴ የከመረው ጭድ ውስጥ ገባች።

ጭዱን ከፀጉሯ እያራገፈች በደኅና ተነሣች። ዓለምእሸት ግን እኔን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ፣ «ጋሽ ደሳለ፣ የምትመራን ይቺ ናት? ሌላ ሰው የለም?» አለኝ። ሰገነት ሰማችው።

ዲስኩን በጣቷ ነካችና አሸተተች። «ቅባት ነው» አለች። የፍሬኑ ሸራ ቅባት ከነካው ዲስኩን ቆንጥጦ መያዝ አይችልም። ሰገነት ወደኔ ዞረች፤ ዓይን ሁሉ ተከተላት። በዚያ ሳምንት ብስክሌቷን አልነካሁም፤ ዘይት በተባለ ቁጥር እኔ መጠርጠሬ አናዶኝ ልናገር አፌን ስከፍት ከኋላ ድምፅ መጣ።

«እሱን አትውቀሱት፤ እኔ ነኝ» አሉ ልጃቸውን ሊሸኙ የመጡት እማሆይ። እጃቸው ላይ ትንሽ ብልቃጥ አለች። «ሕይወቴን የሚይዛት ይች ናት አላልሽኝም? ከቅዳሴ ስመለስ የፊተኛውንም የኋለኛውንም ብረት በቅባ ቅዱስ ቀባኋቸው። ደግሞም አልሰሰትሁም።»

እንግዶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ሰገነት የእናቷን ጉልበት ሳመች። «ደግ አደረጉ እማሆይ። ብቻ ይኸ ብረት ደረቁን ነው እሚሠራ» አለቻቸው።

ዲስክ የሚጸዳው በአልኮል ነው፤ እኔ ቤት ያለው አልኮል ደግሞ አረቄ ነው። ቅባ ቅዱስን በአረቄ ለመጥረግ ግን ማን ይድፈር? ጎረቤታችንን መሪጌታ ደባሱን ጠራናቸው። ጉዳዩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ጥረጉት፣ የጠረጋችሁበትንም ጥጥ ንጹሕ ቦታ አቃጥሉት» አሉ። «አረቄው ግን ከብረቱ አልፎ ወደ ደሳለ አፍ እንዳይሄድ።»

ሰገነት ሁለቱንም ዲስክ በአረቄ ጠረገች፤ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ ጭሱ እስኪያልቅ ከሰል ላይ አጋለችው። የደሴው ልጅ ኢክሪማ ብስክሌቱን ደግፎ «አብሽሪ፣ እንጠብቅሻለን» ይላታል። ከገጠመችው በኋላ ቁልቁለቷን ደጋግማ ወረደች። መጨረሻ ላይ ዓለምእሸት ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ፍሬኑን ሳልሞክር መውረዴ የኔ ጥፋት ነው» አለችው። «ገደል አፍ ላይ አይደገምም። አሁን የሁላችሁንም ፍሬን ሳላይ አንድ ጎማ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ካልተስማማህ ሌላ መሪ ፈልግ።»

ዓለምእሸት ሄልሜቱን አውልቆ ወደ እማሆይ ሄደና ጎንበስ አለ።

«ብረቱ ካልፈለገው የኔ ግንባር ይፈልገዋል» አላቸው።

ሌሎቹም ተሰለፉ። እማሆይ እያንዳንዱን ግንባር ቀብተው ኢክሪማ ጋ ሲደርሱ፣ «ላንተስ ዱዓ ላድርግልህ፣ አይሻልም?» አሉት። እሱም እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ።

ሰገነት የሁሉንም ፍሬን አይታ ስትጨርስ እሷ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ወጣን። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ታስቆመንና መጀመሪያ እሷ ትወርዳለች፤ ከታች እጇን ስታነሣ እኛ እንከተላለን። በዚህ ዕድሜዬ አቧራ እየጠጣሁ እንደ ልጅ እየጮህሁ ወረድሁ። ደስ ይላል። ይምርሐነ ክርስቶስ ተሳልመን፣ ሁላችንም በደኅና ተመለስን።

እማሆይ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ዓለምእሸት ከብስክሌቱ ወርዶ፣ «በጥር ሌሎቹን ይዤ እመጣለሁ፤ መሪያችን ሰገነት ናት» አላቸው። «እርስዎም ይኖራሉ አይደል እማሆይ?»

«ልጄ ከሄደችበት እስክትመለስ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉ እማሆይ።

ሰገነት ይህን ስትሰማ ጎማዋን የምታይ መስላ ጎንበስ ብላ አለቀሰች።