ከቁርስ በፊት የሚዋጠው ክኒን

የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሲኤምሲ ባለው ቤታችን ባለቤቴ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቀች። ቤት ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

ከመውደቋ በፊት የሆነውን በቅደም ተከተሉ አስታውሰዋለሁ። ሳሎን ተቀምጬ ለማግስቱ የሚወጣ ዜና እያረምኩ ነበር። ከጓዳ ወጥታ ፊት ለፊቴ ቆመችና፣ "ደወሉ ተደወለ እንዴ?" አለችኝ።

"የምን ደወል?"

"ልጆቹ ሜዳ ላይ ናቸው፤ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ወረቀት ታገላብጣለህ!"

ባለቤቴ ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ ናት። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳያት ግን ግንባሯ በላብ ርሷል፤ ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጣብቋል። ቀኑ ያን ያህል የሚሞቅ አልነበረም። "ፊቴን ልታጠብ" ብላ ዞረች፤ ግድግዳውን እየዳበሰች ሄደች። ቀጥሎ የሰማሁት የመውደቋን ድምፅ ነው።

ስኳር እንዳለባት ካወቅን ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሚተዳደረው በሥርዓት ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከሰፈሩ ጀርባ ባለው ኮብልስቶን መንገድ እንራመዳለን። ማታ ከመተኛቷ በፊት የእግሯን ጣቶች በስልኬ መብራት አያለሁ፤ ቁስል እንዳይኖር። እንጀራው በልክ ነው፤ ጨው ተቀንሷል። ስኳርን፣ ማርን፣ ጁስንና ብስኩትን እኔው ራሴ ከቤት አስወጥቻለሁ፤ ለእንግዳ እንኳ አይቀመጥም።

ይህን ሥርዓታችንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር፣ መንገዱ ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤት አለችን። ጠዋት ለእግር ጉዞ ስንወጣ ባየችን ቁጥር፣ "ጋሼ፣ ዛሬም እትዬን ለውትድርና ሊያሰለጥኗቸው ነው?" ትለኛለች። ባለቤቴ ትቀበላታለች፤ "ምን ላድርግ ብለሽ ነው? ራሴን አመመኝ ስለው እንኳ ምንጭ ጥቀሺ ይለኛል።"

እሷም ብትሆን በሥርዓት ከእኔ አታንስም። ክኒን ዘልላ አታውቅም። ጾምም ዘልላ አታውቅም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትወስደው የኖረችው ክኒን ከጾም ጋር ተጣልቶባት አያውቅም ነበር። ጾሟን ስትፈታ ከምግቧ ጋር ትውጠዋለች፤ ምንም አትሆንም። ያ ልምድ አዘናጋን።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው አርብ ክትትል ሄድን። ስኳሯ አልወርድ ስላለ ሐኪሟ ሌላ ክኒን ጨመረላት። "ይሄኛው ጠዋት ነው፤ ከቁርስ በፊት" አላት። ቀጥሎ ደግሞ፣ "ይጾማሉ እንዴ?" ብሎ ጠየቃት።

"እንደ አቅሜ" አለች።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ውጭ ብዙ ሰው ተራ ይጠብቃል። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። አንድ ባለሥልጣን እንዲህ ያለ መልስ ቢሰጠኝ ወንበሬን ወደፊት ስቤ ደግሜ እጠይቀው ነበር።

"እንደ አቅሜ" ማለት በእኛ ዘንድ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ ማለት ነው። አዎ ብትለው እንደሚከለክላት ታውቃለች። አልጾምም ብላ መዋሸት ደግሞ አትፈልግም። የንስሐ አባቷ ምን እንደሚሏት ይጠፋታል ማለት አይደለም፤ "ሕመምተኛ ነሽ፣ ብዪ ልጄ" ነው የሚሏት። ሁለቱም ብዪ እንደሚሏት ስለምታውቅ ሁለቱንም አልጠየቀቻቸውም።

ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ስለምትበላ ችግር አልነበረም። ሰኞና ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ፤ የስግደቱ ድካም መስሏት ነበር። ረቡዕም ጎህ ሲቀድ፣ እንደታዘዘችው ከቁርስ በፊት፣ ክኒኑን በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጠች። በሕማማት ግን ቁርስ የለም፤ የምትቀምሰው ወደ ማታ ነው።

ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ስሟን ጠራሁ። ዓይኗ ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያይም። ጥርሷን ነክሳለች። በሥራዬ ተኩስ ሰምቻለሁ፣ አስከሬን ቆጥሬ ዘግቤያለሁ፤ ባለቤቴን እንዲህ ሆና ግን አይቼ አላውቅም። ተነሳሁ። የውጭውን በር ከፍቼ ወደ ደረጃው ጮህኩ። ጎረቤታችን ለምሳ ቤት ገብታ ኖሮ በባዶ እግሯ እየሮጠች ወጣች።

"ወይኔ እትዬ!" አለችና አጠገቤ ተንበረከከች። "ስኳራቸው ጨምሮ ነው ጋሼ። ጣፋጭ ነገር እንዳያስጠጓቸው፤ የኔንም እናት እንዲህ አድርጎ ነው የወሰዳቸው።"

እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ስንፈራ የኖርነው መጨመሩን ነው፤ ሊወርድ ይችላል ብሎ ቤታችን ውስጥ የተናገረ ሰው የለም። ቢሆንም ሳላረጋግጥ ማመን አልሆንልህ አለኝ። መለኪያውን ከመሳቢያ አወጣሁ። የመጀመሪያው መመርመሪያ ወረቀት ተበላሸብኝ። ሁለተኛው ላይ ቁጥር ወጣ፤ ሠላሳ አራት። አላመንኩትም። ሌላ ጣቷን ወጋሁ፤ ሠላሳ ሦስት።

"ሠላሳ ሦስት ምንድን ነው? ጥሩ ነው?" አለች ጎረቤታችን።

"ስኳሯ አልቋል ማለት ነው። ስኳር አምጪ!"

"የት ነው የምታስቀምጡት?"

"እኛ ቤት የለም። ከቤትሽ!"

ደረጃውን ስትወርድ እኔ ለጤና ዘገባ ለማማክረው፣ ሃያ ሁለት አካባቢ በሚገኝ ሆስፒታል ለሚሠራ ሐኪም ደወልኩ። ቁጥሩን ነገርኩት።

"መዋጥ ትችላለች?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ካላወቅህ ምንም የሚጠጣ ነገር እንዳታፈስባት፤ ሳንባዋ ይገባል። በጎኗ አስተኛት። ማር ከተገኘ በጣትህ ጥቂት ጥቂት በጉንጯና በድዷ መሀል ቀባ። ከዚያ ይዘሃት ና፤ አምቡላንስ አትጠብቅ።"

ጎረቤታችን በአንድ እጇ የስኳር ጣሳ፣ በሌላው የማር ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። በጎኗ አዞርናት። ጣቴን ማሩ ውስጥ ነክሬ ከንፈሯን ገለጥ ሳደርገው ባለቤቴ ፊቷን አዞረችብኝ። ከወደቀች በኋላ የመጀመሪያውን ቃል የተናገረችው ያኔ ነው።

"ሰዓቱ አልደረሰም።"

ደግሜ ሞከርኩ። ጥርሷን ይበልጥ ነከሰች። እኔን እንደማታውቀኝ፣ ሰዓቱን ግን እንደምታውቅ ገባኝ፤ ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ይኼ ነው። ጎረቤታችን ገፋ አደረገችኝና የባለቤቴን ራስ ጭኗ ላይ አሳረፈች።

"እትዬ፣ ይስሙኝ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን። እኔ ነኝ ያስፈታኋቸው ብዬ አላህ ፊት እቆማለሁ። አፍዎን ይክፈቱ፤ እሺ ይበሉኝ የኔ እናት።"

ከንፈሯ ላላ አለ። ማሩን የቀባችላት ጎረቤታችን ናት።

መኪናው ድረስ ያወረድናት ከግቢው ዘበኛ ጋር ተጋግዘን ነው። ጎረቤታችን ከኋላ ተቀምጣ የባለቤቴን ራስ ደግፋ ያዘች። ከሲኤምሲ ወደ ሃያ ሁለት የሚወስደው መንገድ በሌላ ቀን የማማርርበት መንገድ ነው፤ ያን ቀን ጡሩምባውን ከመንፋት ሌላ ምንም አላደረግሁም። ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። ጎረቤታችን ሳልጠይቃት ትነግረኛለች፤ "ይተነፍሳሉ ጋሼ። ይተነፍሳሉ። ይንዱ ብቻ።" አንድ መብራት ላይ ስንቆም ዝም አለች።

"ምነው?" አልኩ።

ባለቤቴን ስትጠራት ሰማሁ። እንደገና ጠራቻት። ከኋላችን ያሉት መኪኖች መብራቱ መለወጡን በጡሩምባ ነገሩኝ፤ እግሬ ግን ነዳጁን መርገጥ አቃተው።

"አሉ፣ አሉ፤ እጄን ጨበጡኝ" አለች ጎረቤታችን። ነዳሁ።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ወጣት ሐኪም የስኳር ውሃ በደም ሥሯ አስገባችላት። ቃሬዛው አጠገብ ቆሜ ፊቷን እያየሁ ጠበቅሁ። ላቧ ደረቀ። ዓይኗ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ የጎረቤታችንን ሻሽ፣ በመጨረሻ እኔን አየ።

"ምነው ሁለታችሁም እንዲህ ሆናችሁ?" አለችን።

ከቤት ስንወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩትን ክኒን ሳሳያት የሐኪሟ ፊት ተለወጠ። "ይህን ከዋጡ በኋላ ምን በሉ?"

"ምንም" አልኩ።

"ለምን?"

"ሕማማት ነው እኮ ዶክተር" አለች ጎረቤታችን።

"አውቃለሁ፤ እኔም ጾመኛ ነኝ። እኔ ግን ይሄን አልዋጥኩም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለእኔ ነገረችኝ። ክኒኑ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። አሁን የነቃች ብትመስልም ስኳሯ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ አትወጣም፤ በየሰዓቱ ትለካለች።

ጎረቤታችን ሱቋን ልትዘጋ ሄደች። እኔ የባለቤቴን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ። ስታወራኝ ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ዝም ካለች ደግሞ ያ የደወል ጥያቄ ይመጣብኛል። ልፈትናት አስቤ፣ "አሥራ ሰባት በስምንት ሲባዛ ስንት ነው?" አልኳት።

"መቶ ሠላሳ ስድስት። ደግሞ ተማሪ አደረግኸኝ?"

አመሻሹ ላይ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ዓይኗ ከእኔ ላይ ተንሸራቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ። ነርሷን ስጠራ ድምፄ ኮሪደሩን ሁሉ አስደነገጠ። ስኳሯ ወደ አምሳ ሁለት ወርዶ ነበር። ስኳር በመርፌ እንደገና ተሰጣት፤ የስኳር ውሃው ፍጥነት ተጨመረ። መለሳት። ሐኪሟ አጠገቤ ቆማ፣ "ነግሬዎት ነበር እኮ" አለችኝ። ነግራኛለች። መስማትና ማየት ለየቅል ነው።

ሐሙስ ጠዋት የንስሐ አባቷ ደወሉ፤ ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። እሳቸው ያሏትን አልሰማሁም። እሷ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ አንድ ጊዜ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"እሺ አባ" አለች።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግማሽ ዳቦ በላች፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጣች። ነርሷ ጥቂት ቆይታ ስትለካት መቶ ሃያ ስምንት ነበር፤ ጥሩ ነው አለችን።